የዶርሙ አየር የማን ነው?

ቤዛ በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት። አጎቷ ጋሽ ታደሰ በዋሽንግተን አካባቢ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ሲዘረጉና ሲጠግኑ ብዙ ዓመት ቆይተዋል። ጊዜው ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ተማሪዎች ዶርም የሚገቡበት ሳምንት። ቤዛ የራሷን ራውተር ገዝታ ለመትከል ስትሰናዳ አጎቷ ሊጠይቋት መጡ።

ቤዛ፦ ጋሼ፣ በደህና ጊዜ መጡልኝ። ራውተሩን ልከፍተው ስል አብራኝ የምትኖረው ልጅ ክልክል ነው ብላ አስቆመችኝ። መመሪያውን አየሁት። የግል ራውተር ከዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ጋር ማገናኘት አይፈቀድም ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል የለውም። ከእማዬ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ፊቷ ይደርቃል፣ ድምፅዋ ይቆራረጣል። በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ዕቃ ችግሬን ብፈታ ማን ይጎዳል?

ታደሰ፦ ደንበኛ ጥያቄ ነው። ምክንያቱን የማይናገር ክልከላ ተማሪውን የሚያስተምረው ዕቃውን አልጋ ሥር መደበቅ ነው። ማን እንደሚጎዳ ላሳይሽ፤ እስቲ ስልክሽን አምጪው። በዙሪያችን ያለውን ዋይፋይ ሁሉ የሚያሳይ መተግበሪያ ልጫንልሽ። ይኸው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለውን ንኪው። ምን አየሽ?

ቤዛ፦ ቅስት በቅስት ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል። የዩኒቨርሲቲው ስም ሦስት አራት ቦታ አለ። የማላውቃቸውም ሞልተዋል፤ ይኼ የፕሪንተር ስም ይመስላል፣ ያኛው የቴሌቪዥን።

ታደሰ፦ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ባንድ ላይ ያሉት ቻናሎች 11 ናቸው። ቁጥሩ ግን አያታልልሽ። አንዱ ቻናል ከሚቀጥለው የሚርቀው 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አንድ ዋይፋይ ሲሠራ ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። በዚህ ፎቅ ስንት ክፍል አለ?

ቤዛ፦ በግራና በቀኝ ሠላሳ ገደማ ይሆናል።

ታደሰ፦ ሠላሳው ክፍል ሠላሳ ራውተር ቢተክል ሁሉም በሦስት ቻናል ይሻማል። ከላይና ከታች ካሉት ፎቆች የሚመጣው ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው።

ቤዛ፦ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እዚህ አልውልም። ማታ ማታ ስደውል ብቻ ነው የምጠቀምበት። ማንም ሳይነካው የተቀመጠ ራውተር ምን ጉዳት አለው?

ታደሰ፦ ራውተር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ማንም ባይጠቀምበት እንኳ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ስሙን ይጠራል። ሜክሲኮ አደባባይ ያለውን የታክሲ ረዳት አስቢው፤ መኪናው ባዶም ይሁን ግማሽ የሞላ፣ ፒያሳ ፒያሳ ማለቱን አያቆምም። ያ ጥሪ ሩቅ ያለ ደካማ መሣሪያም እንዲሰማው ተብሎ በዝግታ ነው የሚላከው፤ በዝግታ የተላከ ነገር ደግሞ አየሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዘዋል። የዋይፋይ ሕጉ ከመናገርህ በፊት አድምጥ፣ ሌላው ሲናገር ጠብቅ የሚል ነው። አንቺ ክፍል ገብተሽ እየተማርሽ ራውተርሽ እዚህ ስሙን ሲጠራ፣ በዚያው ቻናል ላይ ያለው የጎረቤትሽ ላፕቶፕ ሥራውን አቁሞ ይጠብቃል።

ቤዛ፦ ሁለቱ እኩል ቢናገሩስ?

ታደሰ፦ ይጋጫሉ። የሁለቱም መልእክት ይበላሻል፣ ሁለቱም በዕጣ የወጣላቸውን ያህል ቆይተው ይደግማሉ። ይኼ ነገር የተጀመረውም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ አሎሃኔት የተባለውን ኔትወርክ ሥራ አስጀመሩ፤ በደሴቶቹ ላይ የተበታተኑትን ተጠቃሚዎች ከዋናው ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት በሬዲዮ ነበር። ሁሉም በአንድ ሞገድ ይልካል፤ ከተጋጨ ትንሽ ቆይቶ ይደግማል። ላኪው ጥቂት ሲሆን ጥሩ ይሄዳል። ሲበዛ ግን ግጭቱና ድግግሞሹ ራሱ አየሩን ይሞላውና የሚደርሰው መልእክት ይመናመናል። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ በ1997 ሲወጣ ቀድሞ ማድመጥ የሚለው ደንብ ነበረው። ሆኖም የተጨናነቀ አየርን ማንም ደንብ አያሰፋውም።

ቤዛ፦ 5 ጊጋኸርዙስ? ይኼኛው ሁለቱንም ይሠራል ብለውኛል።

ታደሰ፦ እሱ ይሻላል። ቻናሉ ብዙ ነው፣ ግድግዳም በርከት አድርጎ ያግደዋል፤ ዶርም ውስጥ ይኼ በረከት ነው። በ2020 ደግሞ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ6 ጊጋኸርዝ አካባቢ 1,200 ሜጋኸርዝ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ከፈተ። የ2.4ቱ ባንድ ከዳር እስከ ዳር 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ መሆኑን ስታስቢ ምን ያህል እንደሰፋ ይገባሻል። ችግሩ የቤት ራውተር ተስተካክሎ የሚመጣው ለብቻው ለቆመ ቤት መሆኑ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ብዙውን ጊዜ 80 ሜጋኸርዝ ይዞ ይነሣል፣ የአራት ቻናል ቦታ ማለት ነው፤ ኃይሉንም እስከ ጥግ ይለቀዋል። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉትን ነጫጭ ሣጥኖች አይተሻል?

ቤዛ፦ በየጥቂት ክፍሉ አሉ።

ታደሰ፦ እነሱ በአንድ መቆጣጠሪያ ሥር ናቸው። የትኛው በየትኛው ቻናል፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ ተደልድሏል። ድልድሉን የማያውቅ ራውተር መሀል ሲገባ ያናጋዋል። የሚጎዱት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አይደሉም፤ እነሱ ማታ ቤታቸው ናቸው። የሚጎዳው ከግድግዳው ወዲያ የሚያጠናው ልጅ ነው።

ቤዛ፦ እሺ፣ ዋይፋዩን አጥፍቼ በገመድ ብቻ ብጠቀምበትስ? ከግድግዳው ፖርት ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፔና ወደ ፕሪንተሬ።

ታደሰ፦ ጎረቤትሽን ከአየሩ ጣጣ ታድኚዋለሽ። ገመዱ ግን የራሱ መዘዝ አለው። አንድ የፈተና ሳምንት፣ እሑድ ማታ፣ ከአንድ ዶርም ስልክ በስልክ ላይ ይደወልልን ጀመር። ኢንተርኔት ጠፋ ይላሉ። ግራ የሚያጋባው፣ አንዱ ክፍል ይሠራል፣ ጎረቤቱ አይሠራም። የሚሠራለትም ቢሆን ላፕቶፑን አጥፍቶ ሲያበራ ይጠፋበታል። ሄድኩ። የአንዷን ልጅ ላፕቶፕ ከፍቼ የአይፒ አድራሻውን ሳየው 192.168.1 ብሎ ይጀምራል። እኛ ለዚያ ሕንፃ የምናድለው በ10 የሚጀምር አድራሻ ነበር። እዚያው አወቅኩት፤ ፎቁ ላይ አንድ ሰው የቤት ራውተር ሰክቷል።

ቤዛ፦ እንዴት ነው አንድ ራውተር ፎቁን ሁሉ የሚያጠፋው?

ታደሰ፦ ካርቶኑን ክፈቺውና ጀርባውን እይው። አንዱ ፖርት በሌላ ቀለም ለብቻው አለ፤ እሱ ዋን ይባላል፣ ከውጭ የሚመጣው ገመድ መግቢያ ነው። በረድፍ ያሉት አራቱ ላን ናቸው፣ የቤቱ ዕቃዎች የሚሰኩባቸው። ኮምፒውተር ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው ብሎ ለሁሉም መጥራት ነው። ዲኤችሲፒ የሚሉት ይኼ ነው። መልስ የሰጠው ማን እንደሆነ አያጣራም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን ይቀበላል። የቤት ራውተር ደግሞ በላን በኩል ለጠራው ሁሉ ቶሎ ይመልሳል። ያ ተማሪ የግድግዳውን ገመድ ላኑ ላይ ነበር የሰካው። ራውተሩም ለፎቁ ሁሉ አድራሻ ያድል ጀመር፤ ወደ ኢንተርኔት መውጫው በእኔ በኩል ነው እያለ። እሱ ራሱ ግን መውጫ አልነበረውም።

ቤዛ፦ ልጁ ጥፋቱን አላወቀም?

ታደሰ፦ ከየት አውቆ? እሱም ኢንተርኔት ጠፋብኝ ብሎ ከደወሉት አንዱ ነበር። የራውተሩን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የዕቃውን መለያ ቁጥር ይዤ፣ የክፍሎቹ ገመድ የሚገናኝበት ስዊች ላይ በየትኛው ፖርት እንደገባ ፈልጌ በሩን ሳንኳኳ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ገመዱን ነቀልኩት፣ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዷ ልጅ የቤት ሥራዋን ማስረከቢያ ሰዓት አልፎባት ኮሪደሩ ላይ ታለቅስ ነበር። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲ ስዊቹ ራሱ ይጠብቃል፤ አድራሻ የማደል ፈቃድ የሌለው ፖርት ሲያድል ይጥልበታል፣ አለዚያም ፖርቱን ይዘጋዋል። የተዘጋውን ለማስከፈት ወረፋው ያንቺ ነው።

ቤዛ፦ እኔ ዋኑ ላይ እሰካዋለሁ። አሁን አሳይተውኛል።

ታደሰ፦ ያን ጊዜ ፎቁን አታጠፊም። የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። ራውተርሽ ከኋላው ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ በአንድ አድራሻ ሸፍኖ ያወጣቸዋል። ለዩኒቨርሲቲው የሚታየው አንድ መሣሪያ ነው፣ የተመዘገበውም በቤዛ ስም። የይለፍ ቃሉን ለጓደኞችሽ ትሰጫቸዋለሽ፤ መቼም አትከለክያቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ፊልም በቶረንት ያወርዳል። የፊልሙ ባለቤት በ1998 በወጣው የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ለዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ይልካል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በ2008 የከፍተኛ ትምህርት ሕግ እንዲህ ያለውን ለመከላከል ዕቅድ እንዲኖረው ግዴታ አለበት። መዝገቡን ያያል፣ ደብዳቤው ላንቺ ይመጣል። ማን እንዳወረደው ራውተርሽ አይነግርሽም፤ አብዛኛው የቤት ራውተር ያን ያህል መዝገብ አይዝም።

ቤዛ፦ ጋሼ፣ የሁሉንም ጉዳት ነገሩኝ። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎኛል። ይኼ ክፍል የተከራየሁት ክፍል ነው። ገመዱ የእነሱ ነው፣ እሺ። አየሩስ? አየሩም የዩኒቨርሲቲው ነው?

ታደሰ፦ አይደለም! ይኼን በደንብ ያዢው፣ ብዙ ግቢ ውስጥ የኛው የአይቲ ሰዎች ራሳቸው ያምታቱታል። ይኼን ሞገድ ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚያስችለው መንገድ የተከፈተው ኮሚሽኑ በ1985 ባወጣው ውሳኔ ነው፤ ሕጉን ላከበረ መሣሪያ ሁሉ ክፍት ነው። ናሽቪል ውስጥ ጌይሎርድ ኦፕሪላንድ የሚባል ትልቅ ሆቴል አለ፣ ማሪዮት የሚያስተዳድረው። የስብሰባ እንግዶች በስልካቸው የሚከፍቱትን ሆትስፖት እያቋረጠ፣ ለራሱ ዋይፋይ ለኤግዚቢሽን አቅራቢዎች በአንድ መሣሪያ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። በ2014 ማሪዮት 600,000 ዶላር ከፈለ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ኮሚሽኑ የሌላውን ዋይፋይ ሆን ብሎ ማቋረጥ ለማንም አይፈቀድም ብሎ አስጠነቀቀ። ስለዚህ ስልክሽን ሆትስፖት ብታደርጊው ዩኒቨርሲቲው በመሣሪያ ሊያጠፋብሽ አይችልም።

ቤዛ፦ ታዲያ እንዴት ይከለክሉኛል?

ታደሰ፦ ገመዳቸው ላይ ምን እንደሚሰካ የመወሰን መብት አላቸው። ዶርም ስትገቢም፣ የኮምፒውተር አካውንትሽን ስትከፍቺም ደንባቸውን ተቀብለሻል። አየሩን ግን የሚያስከብረው እርስ በርስ መተሳሰብ ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ። ሕግ ይፈቅድልሻል፣ ጎረቤትሽ ግን መተንፈሻ ያጣል። ዩኒቨርሲቲዎቹንም ነጻ አላወጣቸውም። ተማሪን አታምጣ ካሉ፣ ያመጣው ለምን እንደሆነ ጠይቀው መላ የመስጠት ዕዳ አለባቸው። ምክንያት ሳይኖረው ራውተር የሚገዛ ተማሪ አይቼ አላውቅም። አንቺስ ከእናትሽ ሌላ ምን ቸገረሽ?

ቤዛ፦ ፕሪንተሩ። የዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ኤዱሮም ነው፣ በተማሪ አካውንቴ ነው የምገባው። ፕሪንተሩ ላይ ግን የይለፍ ቃል ብቻ ነው የሚጠይቀኝ፤ የተጠቃሚ ስም ማስገቢያ ቦታ የለውም።

ታደሰ፦ ኤዱሮም ሐሳቡ በ2002 ከኔዘርላንድስ የተነሣ ነው። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሌላው ግቢ በራሱ አካውንት ይገባል፤ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ አለ። ለላፕቶፕና ለስልክ ግሩም ነው። ፕሪንተር፣ የጨዋታ መሣሪያ፣ ብዙ ቴሌቪዥን ግን እንዲህ ያለውን መግቢያ አያውቁትም። ለእነሱ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ መመዝገቢያ ገጽ አለው፤ የዕቃውን ማክ አድራሻ ታስገቢያለሽ፣ በሌላ ስም ያለ ዋይፋይ ይቀበለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የይለፍ ቃል ሰጥቶ፣ የዚያ ተማሪ ዕቃዎች ብቻ እርስ በርስ እንዲተያዩ ያደርጋል። እኔን ብትጠይቂኝ መፍትሔው እሱ ነው፤ ራውተር የሚሰጥሽን ያለ ራውተር ታገኚዋለሽ።

ቤዛ፦ ስልኬን አንዴ እዚያ ገጽ ላይ መዝግቤው ነበር፤ አይቀበልም።

ታደሰ፦ ስልኩ ለየዋይፋዩ የተለየ የተፈበረከ ማክ አድራሻ ስለሚያሳይ ነው። አንድሮይድ ከ2019 ጀምሮ፣ አይፎን ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ማንም እንዳይከታተልሽ ጥሩ ነው፣ በአድራሻ ለሚመዘግብ ኔትወርክ ግን እንቅፋት ነው። ለዚያ ዋይፋይ ብቻ ሴቲንጉን ማጥፋት ነው። ለፕሪንተሩ ደግሞ አትድከሚ፤ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕሽ ጋር አያይዢው። የራሱን ዋይፋይም አጥፊው፣ እሱም ስሙን እየጠራ አየር ይይዛል። ለቪዲዮ ጥሪሽ ደግሞ ይኸው የኔትወርክ ገመድና መቀየሪያ ይዤልሽ መጥቻለሁ። ላፕቶፕሽን ከግድግዳው ጋር አገናኚው።

ቤዛ፦ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። መዝግቢው አለኝ። መዘገብኩት… ገባ። እማዬ ባለችበት አሁን ምሽት ነው፣ ቤት ናት፤ ልደውልላት?

ታደሰ፦ ደውዪ። ሰላም በያት።

ቤዛ፦ ድምፅዋ ጥርት አለ። ምስሉ ግን አንዴ ቆመ።

ታደሰ፦ ያ ከወዲያ በኩል ሊሆን ይችላል። ገመዱ የሚያስተካክለው ያንቺን ጫፍ ብቻ ነው። እናትሽ የቤቷ ራውተር ካለበት ክፍል ሆና ትሞክረው፤ ካልሆነ ወደ ሞባይል ዳታ ትቀይረውና የቱ እንደሚሻል እዩት። ምስሉ ሲያስቸግር ቪዲዮውን አጥፍታችሁ በድምፅ ብቻ ቀጥሉ፣ ድምፅ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ነው የሚፈልገው።

ቤዛ፦ ቨርጂኒያ የምትማር ጓደኛ አለችኝ፣ እነሱ ግቢ ይፈቀዳል አለችኝ። እሷ ብትተክል ምን ልበላት?

ታደሰ፦ የግድግዳውን ገመድ ዋኑ ላይ ትሰካ፤ እሱን ከሁሉ በፊት። ቀጥሎ ራውተሩ ውስጥ ገብታ የማስተዳደሪያውን የይለፍ ቃል ትለውጥ። ይኼን ሰው ይንቀዋል። በ2016 ሚራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም ካሜራና ራውተር እየወረረ በጥቅምት 21 የአሜሪካን ኢንተርኔት ሲያውክ፣ ዋናው መሣሪያው ፋብሪካው የሰጠው ያልተለወጠ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነበር፤ ስልሳ ያህል ብቻ ይዞ ነው የሚሞክረው። ከሠሩት ሦስት ወጣቶች አንዱ በኒው ጀርሲ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፣ የገዛ ዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክም ደጋግሞ አጥቅቷል። ጥፋቱን በ2017 አመነ።

ቤዛ፦ ዋይፋዩንስ?

ታደሰ፦ ደኅንነቱን ደብልዩፒኤ3 ላይ፣ ዕቃዋ ካልቻለ ደብልዩፒኤ2 ላይ። በአንድ ቁልፍ መጫን የሚያገናኘውን ደብልዩፒኤስ ትዝጋው። ሶፍትዌሩን ታድስ። 2.4ቱን ካላስፈለጋት ሙሉ በሙሉ ታጥፋው፤ ካስፈለጋት ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ብዙ ሰው የሌለበትን ትምረጥ፣ ስፋቱን 20 ታድርገው። ከእነዚህ መካከል ባለ ቻናል ላይ፣ ለምሳሌ 3 ላይ፣ አትቀመጥ፤ የ1ዱንም የ6ቱንም ሰው ትረብሻለች። በ5ቱም ላይ ከ80 ወደ 20 ወይም 40 ታውርደው። ኃይሉን ደግሞ ትቀንስ። አንድ ክፍል ነው፤ ከአልጋ እስከ ጠረጴዛ ለመድረስ ሙሉ ኃይል ምን ያደርግላታል? ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ማስተላለፊያ ኃይል የሚል አለ፣ ዝቅተኛው ላይ አድርጋ ትሞክረው።

ቤዛ፦ እኔም ለአይቲ ክፍሉ ልጻፍላቸው። የመሣሪያ መመዝገቢያው ለፕሪንተር ይሠራል ወይ፣ ለየተማሪው የግል የይለፍ ቃል የመስጠት ሐሳብ አላቸው ወይ ብዬ ልጠይቅ። መመሪያው ላይም ምክንያቱን ይጻፉት።

ታደሰ፦ ጻፊ። የሕንፃውን ስም፣ የክፍልሽንና ግድግዳው ላይ ያለውን የፖርቱን ቁጥር አትርሺ፤ ያለ እሱ ማንም ሊረዳሽ አይችልም። ስልክሽ ላይ ያየሽውን የቻናል ሥዕልም አያይዢው። ኢንተርኔት አይሠራም ከሚል ደብዳቤ በ2.4 ላይ ይኼን ያህል የማይታወቅ ዋይፋይ አየሁ የሚለው ቶሎ ይነበባል፤ እኔ ራሴ ቀድሜ የምከፍተው እንዲህ ያለውን ነው። ደግሞ ዛሬውኑ ላኪው፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ወረፋው ይረዝማል።